ከነቀምቴ ወዴት? የወለጋን ቡና እየቀመሱ ለመጓዝ መንገድ የመምረጥ ጥያቄ

ጣሊያን ውስጥ ወይን እየቀመሰ ሊዞር የተነሳ ሰው የሚመርጠው ብዙ ነው፤ ድንበር ግን አይመርጥም። ድንበሩ ተሰምሮ ይጠብቀዋል። ኪያንቲ ከየት እስከ የት እንደሆነ የቶስካናው ታላቅ መስፍን ኮሲሞ ሳልሳዊ በአዋጅ የወሰነው በ1716 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በፒዬሞንቴ ደግሞ ባሮሎ የሚባለው ወይን ከ11 የታወቁ የገጠር አስተዳደሮች ውጪ ከበቀለ ፍሬ ሊሠራ አይችልም። መንገዶቹ የመጡት ከድንበሩ በኋላ ነው። በኮኔሊያኖና በቫልዶቢያዴኔ ኮረብቶች መካከል የአገሪቱ የመጀመሪያ የወይን መንገድ የተመረቀው በ1966 ነው፤ በ1999 የወጣው ሕግ ቁጥር 268 ደግሞ የወይን መንገድ ለመባል ምን መሟላት እንዳለበት ደነገገ። ምልክት ይተከላል፣ እርሻውና መጥመቂያው ለጎብኚ ይከፈታል። ስለዚህ እዚያ “የቱን መንገድ ልያዝ?” ማለት በአመዛኙ የጊዜ፣ የገንዘብና የአፍ ልማድ ጉዳይ ነው።

ወለጋ ላይ ያው ጥያቄ ሲነሳ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የመሬቱን ጠባይ በአፍ የሚያስለየው ቡና ነው። ወይን የጠማው ሰው ከአምቦ አለፍ ብሎ ጉደርን ሲያቋርጥ በቀዩ ወይን ጠርሙስ ላይ የሚያውቀውን ስም በመንገድ ምልክት ላይ አንብቦ ያልፋል። ቡናው ግን በዓለም ገበያ የታወቀ ስም አለው፤ ነቀምቴ፣ በጆንያው ላይ ሲጻፍ ለቀምቲ። ስም አለ፣ መንገድም አለ። የጎደለው በስሙና በመንገዱ መካከል መኖር የነበረበት ድንበር ነው። ከነቀምቴ ወጥቶ ወዴት መሄድ ይሻላል የሚለው ክርክር ሁሉ፣ ተከራካሪዎቹ ቢያነሱትም ባያነሱትም፣ በዚህ ጉድለት ላይ የቆመ ነው።

ስሙ ከመሬቱ ወይስ ከገበያው?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ወለጋ የምንለው አገር በቡና አልነበረም የሚታወቀው። በጉዱሩ የአሰንዳቦ፣ በሌቃ የቢሎ ገበያዎች ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ማር ከደቡብና ከምዕራብ እየተቀበሉ ዓባይን ተሻግሮ ለመጣው የጎጃም ነጋዴ ያስተላልፉ ነበር። ቡናም ከሚያልፉት ሸቀጦች አንዱ እንጂ ዋናው አልነበረም። በ1882 የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ በራስ ጎበና አማካይነት ለምኒልክ በሰላም ሲገብሩ አገሩ በገዛ ባላባቶቹ እጅ ቆየ። ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ነቀምቴን የአስተዳደርና የንግድ ማዕከል አድርገው አጸኗት፤ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከተማዋ ውስጥ ቆሟል።

ከዚህ ወደ ምዕራብ፣ በሌቃ ቄለም፣ ሌላ ጌታ ነበሩ፤ ጆቴ ቱሉ። የቄለም ቡና መውጫም ሌላ ነበር። በ1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ወንዝ ላይ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆነች። በቄለም የሰዮ፣ በኢሉባቦር የጎሬ ቡና በበቅሎና በሸክም ቁልቁል ወርዶ፣ በግሪክና በሶርያ ነጋዴዎች እጅ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። መርከቧ የምትመጣው ግን ባሮ በሞላበት በክረምት ብቻ ነው። ቡናው የሚለቀመው በበጋ፣ መርከቡ የሚደርሰው በክረምት ከሆነ፣ ምርቱ ወራት ተከማችቶ መጠበቅ ነበረበት። የምዕራቡ ቡና ለረዥም ጊዜ ሳይታጠብ ከነገለባው ደርቆ የሚቀመጥ ሆኖ የቀረበትን ምክንያት ስንፈልግ የውኃ እጥረትንና ልማድን ብቻ ሳይሆን ይህን የመጠባበቅ ዘመንም ማሰብ ያለብን ይመስለኛል።

አቅጣጫውን የቀየረው የመኪና መንገድ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚያደርሰውን መንገድ ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ የጭነት መኪና በቅሎንም መርከብንም ተካ። በ1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያነት አበቃ። ከዚያ ወዲህ የሰዮም፣ የጊምቢም፣ የነጆም ቡና ወደ ምሥራቅ በአንድ በር ማለፍ ያዘ፤ በሩም ነቀምቴ ነው። የቄለም ቡና ነቀምቴ መባሉ የጣዕም ውሳኔ አልነበረም፤ መኪናው በዚያ ስላለፈ ነው።

ከተማዋ ራሷ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ቀመስ አገር ናት። በዙሪያዋ ቡና የለም ማለት አይደለም፤ ግን ስሟን የተሸከመው ቡና ብዛቱ የሚበቅለው ከዴዴሳ ወንዝ ማዶ፣ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ነው። “የነቀምቴን ቡና ነቀምቴ ሄጄ ልቅመስ” ያለ መንገደኛ መጋዘኑን እንጂ ማሳውን አያገኝም። በስም ሄዶ የመሳሳቱ ወጥመድ በዚህ አያበቃም። በምሥራቅ ወለጋ ሊሙ የሚባል ወረዳ አለ፤ በገበያው “ሊሙ” የሚባለው ቡና ግን የጅማው ነው።

ምርት ገበያው ያደባለቀውና ያልደባለቀው

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 መጨረሻ ቡና ማገበያየት ሲጀምር ለእያንዳንዱ አካባቢ ኮድ ሰጠ። በዚያ የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ የወለጋ ነገር ሁለት መልክ ነበረው። የታጠበው ቡና ጊምቢ፣ ቄለም ወለጋና ምሥራቅ ወለጋ ተብሎ ተከፈለ። ያልታጠበው ግን የሁሉም ዞኖች ምርት ተጠቃሎ በአንድ ስም ተጠራ፤ ለቀምቲ። የወለጋ ዝና ደግሞ በዋነኛነት ያልታጠበው ቡና ነው፤ ትልቅ ፍሬ ያለው፣ በደንብ ከተለቀመና ከደረቀ የፍራፍሬ ጣዕም የሚሰጠው። አገሩ የሚታወቅበት ነገር በጅምላ ገባ፣ ብዙም የማይታወቅበት ተለያይቶ ተመዘገበ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት አቋም አለ። ለምርት ገበያው የሚከራከሩት፣ ዓላማው ጣዕም መሸጥ ሳይሆን ዋጋ ማሳወቅና ክፍያን ማስተማመን እንደነበረ ያስታውሳሉ። ደረጃው 40 ከመቶ በጥሬው፣ 60 ከመቶ በቅምሻ ይሰጣል፤ ቀማሾች አሉ፣ ውጤት አለ፣ ገበሬውም ዋጋውን ይሰማል። ጊምቢ መጋዘን የገባ ቡና አዲስ አበባ ሳይደርስ ደረጃው መታወቁ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የሚቃወሙት ደግሞ ደረጃ እንጂ መነሻ ያልተጻፈበት ጆንያ ቀማሽን ወደ ማሳው መልሶ ሊወስድ እንደማይችል ይናገራሉ። አንደኛ ደረጃ ለቀምቲ ወዶ የገዛ የውጭ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቡና ሊያገኝ የሚችልበት መላ አልነበረውም። ከዚህ መውጫ የነበራቸው እንደ ኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያሉ በቀጥታ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ነበሩ። በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት አዋጅ ቁጥር 1051 በሩን ለሌሎችም ከፈተ፤ አልሚውና አቅራቢው ከላኪ ጋር በቀጥታ መተሳሰር ቻሉ።

የንግድ ምልክት ጉዳይም እዚሁ ይገባል። ኢትዮጵያ በ2006 እና በ2007 ከስታርባክስ ጋር የተሟገተችባቸው ስሞች ሦስት ነበሩ፤ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ። ነቀምቴ አልነበረችበትም። በወቅቱ ሌላ ሙግትም ነበረ፤ የተሻለው መከላከያ የንግድ ምልክት ነው ወይስ እንደ ጣሊያኖቹ ወይን ወሰኑ የተሰመረ የመነሻ ስም? ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የመረጠችበት ዋና ምክንያት ወሰን አስምሮ፣ በየማሳው ተቆጣጣሪ አቁሞ መጠበቅ ለሚሊዮን ትናንሽ ገበሬዎች አገር ከባድ ነው የሚል ነበር። ለንግዱ ሊበጅ ይችላል። ለመንገደኛው ግን ምልክት ካርታ አይሆነውም።

በመሬት የሚመርጡ

መንገዱ በመሬቱ ጠባይ መመረጥ አለበት የሚሉት ዓይናቸው ጊምቢ ላይ ነው። ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ዴዴሳ ቆላ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል፤ ሙቀቱና ዕጽዋቱ በአንድ ጉዞ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይለዋወጣሉ። ከጊምቢ በኋላ ይከፈላል። አንዱ በነጆ በኩል ወደ መንዲና አሶሳ ይቀጥላል፣ ሌላው በአይራና ጉሊሶ አገር አድርጎ ወደ ደምቢ ዶሎ ይዞራል። በጊምቢ፣ በሐሩና በአካባቢያቸው ያለው ቡና በአብዛኛው የጓሮና የገበሬ ማሳ ቡና ነው፤ በዋንዛ፣ በግራርና በብሳና ጥላ ሥር፣ ከበቆሎና ከሥራሥር አጠገብ። እዚህ ለመቅመስ የሚመች አንድ ነገር አለ። በአንድ ጋራ ላይ እሸት መፈልፈያ ጣቢያም፣ ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ጀንፈል (ከነገለባው ያለ ቡና) የሚያደርቅ ገበሬም፣ የደረቀውን የሚቀሽር ወፍጮም ተቀራርበው ይገኛሉ።

ለቄለም የሚከራከሩት ዋናው ማስረጃቸው ደን ነው። ከደምቢ ዶሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሙጊ በሚወስደው መንገድ የአንፊሎ ደን አለ። ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፍ ሥር የሚበቅልበት፣ ገበሬው ቁጥቋጦውን መንጥሮ ጥላውን አሳስቶ የሚለቅምበት ቦታ ነው፤ በባለሙያዎቹ አነጋገር የጫካና የከፊል ጫካ ቡና። ጥንታዊ ጣዕም የሚፈልግ ሰው ወደዚህ እንጂ ወደ ጓሮ አይሂድ ይላሉ። ክርክሩ ልብ ይማርካል፤ እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። የጫካ ቡና ብርቅነቱ በዘሩ ብዛት ነው፤ በስኒ ውስጥ የሚገኘው ግን የብዙ ዓይነት ዛፍ ፍሬ ተቀላቅሎ፣ አብዛኛውን ጊዜም እኩል ሳይበስል ተለቅሞ ነው። ለዘር ሳይንቲስት ሀብት የሆነው ድብልቅ ለቀማሽ ግራ መጋባት ሊሆንበት ይችላል። ደኑን ማየትና ቡናውን መቅመስ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቀርባሉ።

አንዳንዶች ደግሞ ከነቀምቴ ወደ ደቡብ፣ በአርጆ አድርገው ወደ በደሌ ይመራሉ። በዚያ በኩል የሚደረሰው ያዩ ነው፤ የቡና ደኑ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ፣ እምብርቱና ዳርቻው በካርታ የተለየ። ለጎብኚ ለማስረዳት ከሁሉ የሚቀለው ይህ መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ወሰን አለው። ግን ያዩ ኢሉባቦር ነው፣ ወለጋ አይደለም። ከነቀምቴ ከሚነሱት መንገዶች የተሰመረ ድንበር ላይ የሚያደርሰው ብቸኛው መንገድ ከወለጋ የሚያስወጣው መሆኑ የሚያስቅ ነው ወይም የሚያሳዝን፣ እንደ አንባቢው።

መሬት ጣዕም ይሰጣል የሚለው እምነት ራሱ ምን ያህል ማስረጃ አለው? በዞን ደረጃ ጥሩ ማስረጃ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች የጥሬ ቡናን የካፌይንና የሌሎች ንጥረ ነገሮች መጠን እየለኩ የምዕራቡን ከምሥራቁና ከደቡቡ መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። በ2018 የኪው የዕጽዋት ተቋም ያሳተመው የኢትዮጵያ ቡና አትላስም ወለጋን ከኢሉባቦርና ከጅማ ለይቶ ራሱን የቻለ የቡና ቀጣና አድርጎ አስቀምጧታል። የሐሩ ቡና ከሰዮ ቡና በአፍ ይለያል ለማለት ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን እየመረጠ አሰራጭቷል። ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ባለው የሐሩ ንዑስ ማዕከሉ በኩልም ለወለጋ የሚሆኑ፣ ሐሩ 1፣ ጫላ፣ መነሲቡና ስንዴ የተባሉ ዝርያዎች ተለቀዋል። ስለዚህ በአንድ ማሳ ያገር ዘርና የተመረጠ ዘር ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀማሹ “ይህ የመሬቱ ነው” ያለው ጣዕም የዘሩ ሊሆን ይችላል፤ ከዘሩም በላይ የአደራረቁ።

በአሠራር የሚመርጡ

እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ወገን ነው። አንድ ዓይነት እሸት በአንድ ቀን ተለቅሞ ግማሹ ተፈልፍሎ ቢታጠብ፣ ግማሹ ከነገለባው አልጋ ላይ ቢሰጣ፣ ከወራት በኋላ ስኒ ውስጥ የሚገኘው ልዩነት ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ ተጉዞ ከሚገኘው ልዩነት የሚያንስ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ሥጋው ላይ የቆየው ስኳር በፍሬው ዙሪያ እየደረቀ ሳለ የሚሆነው ለውጥ ነው “የወለጋ ጣዕም” የተባለውን የፍራፍሬ ሽታ የሚያመጣው። ያው ለውጥ ትንሽ ካለፈ ደግሞ ቡናው የኮመጠጠ ጠላ ይሸታል። ቀይ ብቻ ተለቅሞ፣ በስሱ ተሰጥቶ፣ ቀን እየተገላበጠ፣ ማታና ዝናብ ሲመጣ የተሸፈነ ጀንፈልና መሬት ላይ የተዘረጋ ጀንፈል ሁለት የተለያዩ አገሮች ቡና ይመስላሉ፤ ማሳቸው ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ተነስቶ መንገዱን የሚመርጥ ሰው ርቀት አይቆጥርም። ጊምቢ ወይም ሐሩ አካባቢ አንድ ሰፈር ይዞ፣ የታጠበውንና ያልታጠበውን፣ በአልጋ የደረቀውንና በመሬት የደረቀውን አጠገብ ለአጠገብ መቅመስ ነው ዓላማው። ወለጋን ከጫፍ ጫፍ አቋርጦ በየከተማው አንድ አንድ ስኒ የጠጣ ሰው የሆቴሎቹን አፈላል እንጂ የአገሩን ቡና አላወዳደረም። ቄለም ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ይሁን፤ ደምቢ ዶሎ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ የጥንቱ የንግድ አቅጣጫዋም ነቀምቴን የሚመለከት አልነበረም።

የዚህ አቋም ድክመት ግን ግልጽ ነው። አሠራርን ለማወዳደር ቡናው ተለያይቶ መቀመጥ አለበት። ሰብሳቢው ከመቶ ጓሮ የመጣውን ጀንፈል በአንድ ክምር ሲያፈስሰው፣ የተጠነቀቀውም ያልተጠነቀቀውም ገበሬ ድካም አብሮ ይፈሳል። በአልጋ ላይ ያለ ቡና የማን እንደሆነ በካርቶን ጽፎ የሚያስቀምጥ ጣቢያ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ፣ ለመንገደኛው ከከፍታና ከደን ጥያቄ የሚቀድም ነው። እንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች ደግሞ በካርታ ላይ አይወጡም፤ ከዓመት ዓመት እንደ ሥራ አስኪያጁ ይለዋወጣሉ።

የወቅት ጣጣ

ወይን ላይ የሌለ አንድ ችግር ቡና ላይ አለ። በመከር ጊዜ ቶስካና የሄደ ሰው ወይኑ ሲለቀም እያየ የቀደሙትን ዓመታት ከጓዳ አውጥተው ያስቀምሱታል፤ እርጅናውም ክብር ነው። ወለጋ ላይ ለቀማው በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ይጀምርና እስከ ጥር ይዘልቃል። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ የሄደ መንገደኛ ቀዩን እሸት፣ የተሰጣውን አልጋ፣ የሚያገላብጡትን ሴቶች ያያል። የሚጠጣው ቡና ግን ያለፈው ዓመት ነው፤ ቡና ደግሞ እንደ ወይን በመክረም አያምርም። አዲሱ ጀንፈል ለመድረቅ ሳምንታት፣ ከዚያ አርፎ ለመቀሸር ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። አዲሱን በደህና ሁኔታ ለመቅመስ መጋቢትና ሚያዝያ ይሻላሉ። ያኔ ግን ማሳው ላይ የሚታይ ነገር ጥቂት ነው፤ እንደ ዝናቡ ነጩ አበባ ከተገኘ ዕድል ነው።

ስለዚህ ሥራውን ማየት የሚፈልግና ጣዕሙን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በአንድ ወቅት ሊሄዱ አይገባም። ጉዞ አዘጋጆች ሁለቱን አጣምረው በአንድ ሳምንት ሲሸጡ የሚቀርበው ስኒ ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስኒው የማን ነው?

የሙያው ቀማሽ ሥርዓት በዓለም ላይ አንድ ሆኗል። 8.25 ግራም ቡና ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ለስለስ ያለ አቆላል፣ አራት ደቂቃ ቆይቶ ላዩ ላይ የሰፈፈውን በማንኪያ መስበር፣ በማንኪያ መማግ፣ መትፋት። ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ልዩ ጣዕም ያለው ይባላል። ወለጋ ላይ ቡና የሚጠጣው እንዲህ አይደለም። ይቆላል እስኪጠቁር፣ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጎረቤት ይጠራበታል። በገጠሩ ጨው ወይም ቅቤ ይገባበታል። ከዚያም የሚያልፍ ነገር አለ፤ ቡና ቀላ። ፍሬው ሳይፈለፈል ጫፉ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል፤ በመጫ ኦሮሞ ዘንድ የምርቃትና የጸሎት ማዕድ ነው፤ ይበላል እንጂ አይጠጣም።

እዚህም ሁለት ወገን አለ። የመጀመሪያው ወገን እውነተኛ ቅምሻ የማንኪያው ነው ይላል፤ ጥቁር አቆላል የፍራፍሬውን ሽታ አቃጥሎ ልዩነቱን ሁሉ አንድ ያደርገዋል። ይህ ሊካድ አይችልም። ሁለተኛው ወገን መልሶ ይጠይቃል፤ እንግዳ ቤት ገብቶ የቀረበለትን ትቶ ማንኪያ ካወጣ የቀመሰው ፍሬውን ነው ወይስ ወለጋን? ጣሊያን ላይ ይህ ጥያቄ አይነሳም፤ ገበሬው በምሳው የሚጠጣውና ጎብኚው የሚቀምሰው ከአንድ በርሜል ሊቀዳ ይችላል። ወለጋ ላይ ጥሩው ፍሬ ለውጭ ገበያ ይሄዳል፤ ቤት የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከደረጃ በታች የሆነው ነው። ስለዚህ ሁለቱ ስኒዎች የሚለያዩት በአፈላል ብቻ አይደለም፤ ሲጀመር ቡናቸው ሌላ ነው። ያንኑ አንደኛ ደረጃ ጀንፈል በማንኪያም በጀበናም የሚያቀርብ ቤት ቢኖር ክርክሩ ከግማሽ በላይ ይቃለል ነበር፤ ለጎብኚ የተከፈተ እንዲህ ያለ የቅምሻ ቤት ሰንሰለት በወለጋ ከተሞች ገና አልተዘረጋም። በ2020 በኢትዮጵያ የተጀመረው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር የገበሬዎችን ስም አደባባይ ቢያወጣም በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የገነነችው ሲዳማ ናት።

የማይታለፍ ጉዳይ

ስለ ወለጋ መንገድ የሚጻፍ ማንኛውም ነገር ካለፉት ዓመታት ግጭት ጋር መፋጠጥ አለበት። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ በአራቱም የወለጋ ዞኖች የትጥቅ ግጭት፣ መፈናቀልና የመንገድ መዘጋት ደርሷል። በ2020 መጀመሪያ ወራት በምዕራቡ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆይቷል፤ በሰኔ 2022 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ በርካታ ንጹሐን ተገድለዋል። የቅምሻ ጉዞ ማውራት በዚህ ፊት ቀልድ የሚመስለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ቡናው ግን በነዚያ ዓመታትም ተለቅሟል፣ ተሰጥቷል፣ ተሸጧል፤ የአገሩ ሰው ከእርሱ ሌላ የሚታመንበት ጥሬ ገንዘብ ብዙ የለውም። ተግባራዊው ነገር አጭር ነው። ከነቀምቴ ወዲያ ያለ መንገድ የሚመረጠው በጽሑፍ ሳይሆን በሰሞኑ ወሬ ነው፤ ሾፌር ይጠየቃል፣ የሚቀበለው ሰው ይጠየቃል፣ ካልሆነ ይቀራል።

ገና ያልተቋጩ

በ2017 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ የሙቀቱ መጨመር ካልተገታና አንዳች እርምጃ ካልተወሰደ፣ በኢትዮጵያ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 ከመቶ የሚሆነው ለቡና ላይመች እንደሚችል ገምቷል። ቡናው ወደ ከፍታ ከተዛወረ ግን የሚመቸው መሬት እንዲያውም ሊሰፋ ይችላል ይላል። ለወለጋ ይህ ማለት ዛሬ በጤፍና በበቆሎ የሚታወቁት ደጋዎች፣ ምናልባትም የነቀምቴ ዙሪያ ራሱ፣ የነገ የቡና ማሳ የመሆን ዕድል አላቸው ማለት ነው። ያኔ ከተማዋ የስሟ ባለቤት ትሆናለች፤ ጣዕሙ ግን ዛሬ ለቀምቲ ከሚባለው ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ማንም ሊምል አይችልም።

ድንበሩን ማን ያሰምር የሚለውም አልተፈታም። ወረዳዎች ያስምሩት ቢባል አስተዳደራዊ ወሰን የጣዕም ወሰን አይደለም፤ ቄለም ራሱ ዞን የሆነው ከምዕራብ ወለጋ ተለይቶ ነው። ላኪዎች ያስምሩት ቢባል እያንዳንዱ የራሱን ጋራ ብቻ ይከልላል። በዚህ መካከል ሳይታሰብ የመጣ ሦስተኛ አስማሪ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ደንብ፣ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በሳተላይት መለኪያ ነጥቡ እንዲታወቅ ያስገድዳል። አፈጻጸሙ ተደጋግሞ ቢራዘምም በምዕራብ ኢትዮጵያ የማሳ ልኬታ ሥራ በዚሁ ምክንያት ተጀምሯል። የጓሮ ቡና ያለው ገበሬ ነጥቡ በአንድ ቀን ይያዛል፤ የአንፊሎ የጫካ ቡና ለቃሚ ግን “ማሳህ የት ነው?” ቢባል የሚያሳየው ደን ነው፤ ደንቡ ሊጠብቀው የተነሳውን ደን።

መረጃው ሲሰበሰብ ማን እጅ ይገባል? ላኪው ለውጭ ገዢው ብቻ የሚያሳየው ሰነድ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ኅብረት ሥራ ማኅበሩና ወረዳው ቅጂው ከደረሳቸው ግን የትኛው ጀንፈል ከየትኛው ጋራ እንደመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቦታው የሚያውቅ አካል ይኖራል፤ የቅምሻ መንገድ የሚያዘጋጅም ከእርሱ ይነሳል። እስካሁን የልኬታውን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍኑት ላኪዎችና የውጭ ድጋፍ ሰጪዎች ናቸው፤ ፋይሉ የማን ነው የሚለውን የሚወስን የአገር ውስጥ ደንብም ገና በሚገባ አልጠራም።